አደይ፣ አቀንጭራ፣ ዛና፦ ከገዳሪፍ እስከ ጭልጋ ያሉ የመንገድ ዳር አበቦች

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል ገላባት የሚደርሰው፣ ድንበሩን ተሻግሮ በመተማ ዮሐንስ፣ በሸኽዲ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ ጎንደር የሚገባው መንገድ በሰው አፍ የሚነሳው በሰሊጥ፣ በሙቀት፣ በኬላና በወባ ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚያ መሆኑን ይጨምራል። በአበባው ያነሳው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ አበባ ለማየት ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አገራችን ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር አካባቢ፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ አይከል ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። መኪና በግማሽ ቀን ከሚጨርሰው መንገድ ላይ የገዳሪፍ ጥቁር የማሽላ አፈር፣ የመተማ የአባሎና የወይባ ጫካ፣ የነጋዴ ባሕር ገደላገደል፣ የጭልጋ የደጋ ማሳ ተከታትለው ይመጣሉ። ዝናቡ ለሁሉም በክረምት ነው የሚወርደው። አበባው ግን በየራሱ ወር ነው የሚወጣው፤ ደጋው በመስከረም ሲያብብ የቆላው ዛፎች ለበጋ ያቆዩታል።

ይህን ከሌላው ቀድመው ያዩ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1865 ገላባትና መተማ ላይ ቆይቶ አካባቢውን በእግሩ እየዞረ ዕፅዋት ሰብስቧል። የለቀማቸው ናሙናዎች ወደ አውሮፓ ሄደው ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ዕፅዋት ሲሰየሙ መነሻ ሆነዋል። ስለዚህ በዓለም የዕፅዋት መዛግብት ውስጥ መተማ የሚለው ስም ከብዙዎቹ የአገራችን ትልልቅ ከተሞች ስም በፊት ነው የተጻፈው።

ስለ አፈላለጉ ብዙ የሚባል የለም። በጠዋት ውጡ፣ ከአስፋልቱ ውረዱ፣ በእግር ሂዱ። ከመኪና መስኮት የሚታየው ቀለም ብቻ ነው። ከሸኽዲ ወደ ቋራ ገለጎ የሚወስደው መንገድ፣ ከኮኪት ወደ እርሻዎቹ የሚገቡት የትራክተር ዱካዎች፣ ከአይከል ወደ ገጠሩ የሚወርዱት የጠጠር መንገዶች ከዋናው መንገድ ይሻላሉ። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፤ በእኛም በኩል ከዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ያለው ግጭት መንገዱን አስቸጋሪ አድርጎታል። ስለዚህ ማንንም ዛሬውኑ ተነሳና ሂድ አልልም። የምጽፈው በመጀመሪያ እዚያው ለሚኖረው ሰው ነው፤ አበባው ደጁ ላይ ነውና።

ከላይ ከደጋው ልጀምር። በመስከረም ከአዘዞ እስከ አይከል ያለው ሜዳና ጉብታ ቢጫ ይለብሳል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አደይ ፈነዳ!» ይላል። ግማሹ አደይ አይደለም። ይህን የምለው ሰው ለማሳፈር ሳይሆን ሰዎች አንዱን አበባ አየን እያሉ ሁለተኛውን ሳያዩት ስለሚያልፉ ነው። ከአደዩ ጋር ተቀላቅሎ፣ ብዙ ጊዜም በልጦት፣ የቆመው መጭ ነው። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኑግ ራሱ ከመጭ ወገን ወጥቶ በገበሬ እጅ ሰብል እንደሆነ ተመራማሪዎች ያምናሉ። በጤፍና በኑግ ማሳ ውስጥ ሲገኝ ገበሬው አረም ብሎ ይነቅለዋል። ከተማ ውስጥ ግን ከቄጤማ ጋር ታስሮ በአደይ ስም ሲሸጥ አይቻለሁ።

መለየቱ ከባድ አይደለም። አበባውን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ከስሩ አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል መሰል ሽፋኖች አቅፈውት ከሆነ መጭ ነው። ሽፋኑ ሁለት ረድፍ ሆኖ፣ የውጭው ጠባብና አረንጓዴ፣ የውስጡ ዳሩ የሳሳ ከሆነ አደይ ነው። ቅጠሉም ይናገራል፦ የአደይ ቅጠል እንደ ድንብላል የተበጣጠሰ ነው፣ የመጭ ግን ያልተከፈለ፣ ሸካራ፣ ግንዱን በቀጥታ የሚይዝ ነው። ቢጫዎቹ «ቅጠሎች» ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባዎች ናቸው፤ መሃል ላይ ያለው ክብ በደርዘን የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበባዎች ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። የአደይ የዳር አበቦች ዘር አይዙም፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ብቻ ነው። የመጭ የዳር አበቦች ግን ዘር ይይዛሉ።

አደይ ራሱም አንድ አበባ አይደለም። አደይ የምንላቸው ባይደንስ ከሚባለው ወገን የሆኑ በርካታ ዝርያዎች ናቸው። ይህን ያጠኑልን ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ናቸው፤ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስላሉት የባይደንስ ዝርያዎች ያዘጋጁት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሟል። «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» በሚባለው ትልቅ ሥራ ውስጥ የዚህን ቤተሰብ ክፍል የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ዘመን መለወጫ ላይ አደይ በእቅፍ የምትገዙ፣ ሻጮቹ ከነሥሩ ነቅለው እንዳያመጡ እባካችሁ ንገሯቸው። አደይ የሚመለሰው ዘሩ መሬት ሲወድቅ ነው፤ ሳይዘራ የተነቀለ ጉብታ በሚቀጥለው ዓመት ባዶውን ይቀራል።

አሁን ወደምወደው አበባ ልምጣ።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ኮኪት ወይም ሸኽዲ ዙሪያ፣ ከድንበሩ ማዶም ዶካ ዙሪያ፣ ከአንድ የማሽላ ማሳ ዳር ቁሙ። ከማሽላው እግር ስር ሐምራዊና ሮዝ መካከል ያለ አበባ ታያላችሁ። አንዳንዱ ማሳ ላይ ከብዛቱ የተነሳ ሆን ተብሎ የተዘራ ይመስላል። አቀንጭራ ነው፤ ሱዳኖች ቡዳ ይሉታል። አንድ ጊዜ ማሳ ዳር ተንበርክኬ ፎቶ ሳነሳው ባለማሳው ሽማግሌ ደረሱብኝ።

«ልጄ፣ እሱንም አበባ ብለህ ነው?»

«አዎ አባቴ፣ መልኩ ደስ ብሎኝ ነው።»

«መልኩማ ምን ይወጣለታል! እህሌን በልቶ አይደል እንዴ ያማረው!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አቀንጭራ ሥሩን ሰዶ ከማሽላው ሥር ላይ ይጣበቅና ውኃውን፣ ማዕድኑን፣ ከስኳሩም ከፊሉን ይወስዳል። ማሽላው ዝናብ ጠግቦ ሳለ ድርቅ የመታው ይመስላል፤ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ዛላው ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀንጭራ ራሱ አረንጓዴ ቅጠል ስላለው ነው። አረንጓዴ ከሆነ የራሱን ምግብ ይሠራል፣ ሌላ ምን ፈልጎ ይሰርቃል ይላሉ። ይሠራል፣ ግን አይበቃውም።

መልኩን ለማየት አንዱን ዘንግ ሳትነቅሉ በጣታችሁ ያዙት። ቅጠሉና ግንዱ ይሻክራሉ። አበቦቹ በዘንጉ ላይ ከታች ወደ ላይ በተራ ይፈካሉ፤ ስለዚህ ታች ያለው ዘር ሲይዝ ጫፉ ላይ ያለው ገና እንቡጥ ነው። የእያንዳንዱ አበባ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይወጣና መሃሉ ላይ በድንገት ይታጠፋል፤ ከዚያ በላይኛውና በታችኛው ከንፈር ይከፈታል፣ የታችኛው በሦስት የተከፈለ ነው። በራሱ ዱቄት ዘር መያዝ አይችልም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ያስፈልገዋል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ማሳው ዳር ብትቀመጡ ቢራቢሮ ከዘንግ ወደ ዘንግ ሲመላለስበት ታያላችሁ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ታሪኩ ነው። የአቀንጭራ ዘር ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም፤ እጅ ላይ ቢያስቀምጡት አቧራ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት መጠበቅ ይችላል። በውስጡ ያለው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ሥር በሌለበት ከበቀለ ይሞታል። ታዲያ ማሽላ መዘራቱን በምን ያውቃል? መጀመሪያ አፈሩ ረጥቦና ሞቆ አንድ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ከዚያ ከማሽላው ሥር የሚወጣ ስትራይጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር እጅግ በትንሽ መጠን ሲደርሰው ይነቃል፣ ይበቅላል፣ ወደ ሥሩ ያመራል።

የዚህ ንጥረ ነገር የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1966 ተለይቶ ተገኘ። የተገኘው ከማሽላ አልነበረም፤ አቀንጭራ ጨርሶ ከማይበላው ከጥጥ ሥር ነው። ለ40 ዓመት ያህል ሳይንቲስቶችን ግራ ያጋባው ጥያቄ እዚህ ላይ ነበር፦ ተክል ጠላቱን የሚጠራ ነገር ለምን ይረጫል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጃፓን መጣ። ጥሪው ለአቀንጭራ አልነበረም። ተክሉ የሚጠራው ከሥሩ ጋር ተጋግዘው የሚኖሩና ፎስፈረስ የሚያመጡለትን ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ የሌላውን ጥሪ ሰምቶ ነው የሚመጣው። አፈሩ በፎስፈረስ በደኸየ ቁጥር ሥሩ አብዝቶ ይጣራል፣ አቀንጭራውም ይበዛል። ገበሬው አቀንጭራ የደከመ መሬት ላይ እንደሚበረታ ከዚህ ሁሉ ምርምር በፊት ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ የማይለቅ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ አቀንጭራ ጉዳት የሚያደርሰው ሲያብብ ነው የሚለው። አበባው የሚታየው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት ሳምንታት ከስር ሆኖ ማሽላውን ሲመጥ ይከርማል፤ የዘንድሮው ምርት የተወሰነው ያኔ ነው። ታዲያ ያበበውን መንቀል ከንቱ ነው? አይደለም። የዘንድሮውን ማሽላ አያድንም፣ ለከርሞ የሚቀመጠውን ዘር ግን ያስቀራል፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ማሽላ ያድናል። ታች ያለው አበባ ዘር ሳይቋጥር ነቅሎ ማቃጠል ነው። ነቅለው ድንበር ላይ ከምረው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ የተነቀለው ዘንግ እዚያው ዘሩን ሊያበስል ይችላል፣ ንፋስና ጎርፍም ይበትነዋል። ፎቶ አንሺዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። አምሮኛል ብሎ ዘንጉን ቆርጦ ይዞ፣ ሲሰለቸው ሌላ ማሳ ዳር የሚጥል ሰው ምን እንዳደረገ አያውቅም። ጫማችሁን ከአንዱ ማሳ ወጥታችሁ ወደ ሌላው ከመግባታችሁ በፊት አራግፉ፣ የጎማውንም ጭቃ እዚያው አራግፉት።

ይህ አበባ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች የትውልድ ስፍራው ከሰሜን ተራሮች እስከ ሱዳን የኑባ ተራሮች ባለው ምድር ነው ይላሉ፤ ከገዳሪፍ እስከ መተማ ያለው አገር በመካከሉ ነው። ማሽላም እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከካሰላ አጠገብ በተገኘ፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ባስቆጠረ የሸክላ ስብርባሪ ውስጥ ገበሬ እያረሰ የቀየረው የማሽላ ዘር አሻራ አሳይቷል። እስካሁን ከተገኙት የማሽላ እርሻ ማስረጃዎች ቀዳሚው ይህ ነው። እህሉና አበባው አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው።

መድኃኒቱም ከዚሁ አካባቢ ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያዊው የሰብል ተመራማሪ ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሱዳን ሄደው ሀጂን ዱራ-1 የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አበረከቱ፤ ለሱዳን ገበሬዎች የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ከዚያ አሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ወደ አቀንጭራው ዞሩ፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በአገራችን ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን በሚል ስም ለገበሬ የደረሱት ማሽላዎች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው። የአንዳንዶቹ የመቋቋም ምስጢር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ ዳንኤል ጎበና ነበር። በእነዚህ ማሽላዎች ውስጥ አንድ ዘረመል ስለጎደለ ሥራቸው የሚረጨው ስትራይጎላክቶን ዓይነቱ ይለያል፤ የአቀንጭራው ዘር አጠገባቸው ተኝቶ አይነቃም።

ሰሊጥና ጥጥ የሚያደርጉት ደግሞ ሌላ ነው። ሥራቸው አቀንጭራውን ይቀሰቅሰዋል፣ እሱ ግን ሊጣበቅባቸው አይችልም፤ በቅሎ በራብ ይሞታል። መተማና ገዳሪፍ ላይ ማሽላን ከሰሊጥ ማፈራረቅ ከገበያውም በላይ ለዚህ ይጠቅማል። ማሽላን በማሽላ ላይ ደጋግመው የሚያርሱ ባለሀብቶች ማሳቸው ሐምራዊ ሲሆን ሌላ ማንንም ሊወቅሱ አይችሉም። የሰሊጡም አበባ፣ ሰው ስላረሰው ብቻ አበባ ሳይባል ይቀራል እንጂ፣ በነሐሴ ነጭና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ደወሉን ዘርግቶ ንብ ሲያስተናግድ ቆሞ ሊታይ የሚገባው ነው። ለእርሻ ሥራ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ፣ ለአረም ጎንበስ ብለው በመካከሉ ሲያልፉ ልብሳቸው ላይ ይረግፋል።

ቆላው በበጋ ባዶ ነው የሚሉ ሰዎች በጥር ይምጡ። ሣሩ ተቃጥሏል፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፏል፣ መንገደኛው አይኑን ጨፍኖ ይተኛል። የቆላ ዛፎች የሚያብቡት ግን ያኔ ነው፤ ቅጠል ሳይጋርዳቸው፣ ንብ ከሩቅ እንዲያያቸው። ዛና አንድም ቅጠል ሳይኖረው ከላይ እስከ ታች ሮዝ መለከት ይሆናል። ወደ ገደሉ ስትወጡ ኮርች ቀይ አበባውን በራቁት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያቆማል።

ከእነዚህ ሁሉ ዝምታው የሚያሳዝነኝ የእጣኑ ዛፍ፣ የመቀር አበባ ነው። ያገሬው ሰው ዛፉን የሚያውቀው በእጣኑ ነው፤ ከመተማና ከቋራ ጫካ የሚወጣው እጣን አገር አቋርጦ ይሄዳል። አበባውን አይቻለሁ የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በዘለላ ይወጣል፤ አምስት ነጭ ቅጠል፣ አሥር ቢጫ ዘንግ፣ አበባውን የያዘው እግር ቀላ ያለ። ሽታው ጣፋጭ ነው፤ ንቦች ሲከቡት ድምፃቸው ከዛፉ ስር ይሰማል።

እጣኑ የሚለቀመው በዚያው ወቅት ነው። ለቃሚው ምንጋፍ በሚባል መሣሪያ ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ ቁስሉ ያነባል፣ የደረቀውን ይሰበስባል። ዛፉ ለቁስሉ የሚያወጣው ጉልበት ለአበባና ለዘር የሚውለው ጉልበት ነው። ኤርትራ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ለዓመታት ካረፉ ዛፎች የተገኘ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል እየተለጡ ካሉት የተገኘው ከ16 በመቶ በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሰሜን ኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ እሳትና ግጦሽ ችግኝ ስለማያስቀሩ፣ ጥንዚዛም ትልልቆቹን ስለሚገድል፣ ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፎቹ ቁጥር በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስልቷል።

ስለዚህ የእጣንን አበባ ማየት የፈለገ ሰው ለቃሚው የተመላለሰበትን ዛፍ አይከተል። ግንዱ ላይ የምንጋፍ ምልክት የበዛበት ዛፍ አበባው የሳሳ ነው። ከሸኽዲ በላይ ባሉት ጉብታዎች፣ እግር በማይቆምበት ዳገት ላይ፣ ቅርፊቱ እንደ ብራና እየተገሸለጠ ያልተነካ ዛፍ ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ በጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባ ሆና፣ ከስሩ ቆሞ ወደ ላይ ማየት ነው፤ ንቦቹ ከረፋዱ በኋላ ይበዛሉና ቀፎ በአቅራቢያው መኖሩን አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል።